ለገና ላሊበላ በእግር፦ ከወልድያ ወይም ከጋሸና ለሚነሣ ተጓዥ ዝርዝር መመሪያ

ለልደት ላሊበላ በእግር መሄድን ከሌላ የተራራ ጉዞ የሚለየው ተጓዡ ጾመኛ መሆኑ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። መንገድ ላይ የምትሆኑት በጾሙ መጨረሻ፣ ሰውነታችሁ ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ካየ ከወር በላይ ሆኖት ነው። ስለዚህ የመነሻው ሰዓት፣ የቀኑ ርቀት፣ ስንቁም ውሃውም ከጾሙ ጋር አብሮ ይታቀዳል። ተጓዥ መንገድ ላይ የሚቀረው ዳገቱ አቅቶት ሳይሆን ይህን ሳያስብበት ስለተነሣ ነው።

ቀኑና መንገዱ

በዓሉ ታኅሣሥ 29 ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ግን ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ታኅሣሥ 28 ይከበራል። በ2016 እንዲያ ሆኗል፣ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። ይህችን አንድ ቀን የዘነጋ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። የመነሻ ቀናችሁን ከላሊበላ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ከተማ መግባት አለባችሁ። አንዱ ቀን እግር ለማሳረፍ ነው፣ ሌላው ሕዝቡ ሳይጨናነቅ አብያተ ክርስቲያናቱን ለመሳለም። በዋዜማው የደረሰ ሰው ማደሪያም መቆሚያም ያጣል።

ረጅሙ መንገድ ከወልድያ ተነሥቶ በድልብና በእስታይሽ ደጋውን ወጥቶ ጋሸና ይደርስና ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ሁሉም ሲደመር 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጾም የሚሄድ ሰው ዘጠኝ ቀን ይመድብለት፤ ስምንቱ ለመንገድ፣ አንዱ ጋሸና ላይ ለማረፍ። ከድልብ ወደ ኩልመስክ ታጥፎ ላስታን የሚያቋርጠው መንገድ ያጥራል፤ የሚገዛ ነገር የሚገኝበት ከተማ ግን ጥቂት ስለሆነ ስንቃችሁን ሙሉ በሙሉ ይዛችሁ መነሣት አለባችሁ።

ለጀማሪ የምንመክረው ከጋሸና የሚነሣውን የ64 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ አረጋውያን ወይም ልጆች ካሉ አራት። አቀማመጡ ግልጽ ነው፦ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ከዚያ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ላሊበላ ይወጣል። ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይበልጣል። ጉልበታችሁን የሚፈትነውም እሱ ነው።

አቋራጭ መንገዶች አሉ፤ የአገሩ ሰው በእነሱ ነው የሚሄደው። አብሯችሁ የሚሄድ የአካባቢው ሰው ከሌለ ግን ከዋናው መንገድ አትውጡ። በቁልቁለት ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚያሳጥር አቋራጭ ልቅ ድንጋይ የበዛበት ስለሚሆን፣ የዳነው ርቀት በማግስቱ በጉልበት ሕመም ይከፈላል።

ከሁሉ በፊት ግን የሰላሙን ሁኔታ አጣሩ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ ድንገት ሊዘጋ ይችላል። ባለፈው ሳምንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬም ክፍት ነው ብላችሁ አትነሡ። ወልድያ ወይም ጋሸና ስትደርሱ ከላሊበላ በዚያው ቀን የመጡ ሾፌሮችን፣ ከዚያም የአጥቢያውን ካህናት ጠይቁ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ አንድ ቀን ቆዩ። መታወቂያ ከእጃችሁ አይለይ፤ ሌሊት አትጓዙ፤ የታጠቀ ሰውና ኬላ ፎቶ አታንሡ። «አትሂዱ» ከተባላችሁ አትሂዱ።

ጾሙ ራሱ የልምምድ ጊዜ ነው

ከኅዳር 15 እስከ በዓሉ ስድስት ሳምንት አለ፤ የመንገዱ ቀናት ሲቀነሱ ከጋሸና ለሚነሣ ልክ የሚበቃ የዝግጅት ጊዜ ነው። ጾሙ የሚገባበትን ቀን ልምምድ መጀመሪያ አድርጉት። ሰውነት ሳይበላ መራመድን የሚለምደው በዚሁ ጊዜ ነውና፣ በልቶ የተለማመደ ሰው ጾሞ ሲነሣ አዲስ ይሆንበታል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ሂዱ። በሦስተኛውና በአራተኛው አንዱን ቀን ወደ ዳገት ለውጡት። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ከሚወስደው ዳገት የተሻለ መለማመጃ አያገኝም፤ ከወጡ በኋላ በመኪና መመለስ ግን ልምምዱን ግማሽ ያደርገዋል። ቁልቁለቱንም በእግር ውረዱ። አምስተኛው ሳምንት ዋናው ነው፦ የምትይዙትን ዕቃ ሁሉ ተሸክማችሁ፣ በምትሄዱበት ጫማ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ በየቀኑ 18 ኪሎ ሜትር ተጓዙ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ እግራችሁ የሚነግራችሁን ስሙ፤ ጫማው ጠቦ ከሆነ፣ የቦርሳው ማንገቻ ትከሻ ከላጠ፣ ለማስተካከል ጊዜ አላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ቀለል አድርጉት።

ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን የምትመጡ ደግሞ የከፍታውን ነገር አስቡ። ከባሕር ጠለል አጠገብ ከሚገኝ ከተማ በአንድ ቀን ተጉዞ ጋሸና ላይ ማደር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያስከትላል፤ ጾሙ ሲጨመርበት ይብሳል። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ቢያንስ ሦስት ሌሊት አሳልፉ። ራስ ምታቱ በእረፍት ካልተሻለ፣ ወይም ሰውየው ቀጥ ብሎ መራመድ ከተሳነው፣ ወደ ላይ መቀጠል የለም፤ በዚያው ሰዓት ይዛችሁት ውረዱ።

ቀኑን እንዴት መከፋፈል እንደሚቻል

ከመነሣታችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾሙ፣ ውሃ ስለመጠጣት፣ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም ስለ እሱ እሳቸው ይወስኑላችሁ። የስኳር በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይህን ሳያደርጉ መነሣት የለባቸውም። መንገድ ላይ ደክሞ ከመከራከር ቤት ሆኖ መጠየቅ ይሻላል።

እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የሚስማማው አካሄድ ይህ ነው። 11 ሰዓት ሌሊት ተነሡ፤ ጸሎት አድርሳችሁ፣ እግር አይታችሁ፣ ዕቃ አስራችሁ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ መንገድ ጀምሩ። በዚህ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው ወደ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በባትሪ ትሄዳላችሁ። ቅዝቃዜው ጠንካራ ቢሆንም አያስጠማም። እስከ 5 ሰዓት ተኩል በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ እያረፋችሁ ብትሄዱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሸፍናላችሁ። ከዚያ ጥላ ፈልጋችሁ እስከ 9 ሰዓት ተኙ። ደረቅ አየር፣ ከፍታና የቀትር ፀሐይ አንድ ላይ ሲሆኑ ላብ ወዲያው ስለሚደርቅ፣ ውሃ መጨረሳችሁን ሰውነታችሁ የሚነግራችሁ ዘግይቶ ነው። 9 ሰዓት ላይ በልታችሁ፣ አንድ ሰዓት ያህል አርፋችሁ፣ እስከ 11 ሰዓት ተኩል የቀረውን አምስትና ስድስት ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። ጀንበር ስትጠልቅ ማደሪያ ይዛችሁ መገኘት አለባችሁ።

ውሃም ጭምር የሚጾም ሰው 4 ሰዓት ላይ ያቁም፤ የጠዋቱም ርቀት ከ10 ኪሎ ሜትር አይለፍ። ሽንት ጠቁሮና አንሶ፣ ራስ ከብዶ፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ የሚያዞር ከሆነ ሰውነት ውሃ አልቆበታል። ያን ጊዜ መጠጣት እንጂ መታገል አያስፈልግም።

ዳገት ላይ ፍጥነታችሁን በመዝሙር ለኩ። አንድ ስንኝ ሳይቆራረጥ ማድረስ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ከፊት የሚሄደው ከሁሉ ቀርፋፋው ሰው ይሁን፤ ወጣቶቹ ከፊት ከሆኑ ማኅበሩ ይበተናል፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ ለመድረስ ሲሮጡ ማረፊያቸውን ያጣሉ። ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በአንድ ቤት የሚያሳድር አይገኝም።

ስንቅ

ለአንድ ሰው፣ ለአራት ቀን፦ በሶ 800 ግራም፣ ቆሎ 600 ግራም፣ ዳቦ ቆሎ 400 ግራም፣ ድርቆሽ ግማሽ ኪሎ፣ ስኳር 300 ግራም፣ በርበሬና ጨው በትንሽ በትንሹ፣ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ። ሁሉም ተደምሮ ከሦስት ኪሎ አይበልጥም። መንገድ ላይ ሽሮና እንጀራ ይገኛል፤ ግን በእሱ አትታመኑ።

የመንገድ ምግብ በሶ ነው። ገብሱ በደንብ ካልታመሰ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል፤ ስለዚህ ስትገዙ ቁንጥር አድርጋችሁ ቅመሱት። ጥሩ በሶ ቡናማ መልክና የቆሎ ሽታ አለው፤ ጣት ላይ ሲታሽ ገለባ አይገኝበትም። በሁለት ፌስታል ደራርባችሁ እሰሩት፤ አንዱ መቀደዱ አይቀርም፣ ቦርሳ ውስጥ የተደፋ በሶ ደግሞ እርጥበት ሲነካው ይሻግታል። ጭኮ የምትይዙ ከሆነ በዘይት የታሸ መሆኑን ጠይቁ፤ የተለመደው በቅቤ ስለሆነ ለጾም አይሆንም።

9 ሰዓት ላይ ቀጥታ ቆሎ አትጀምሩ። ደረቅ እህል በደረቀ ሆድ ላይ ቁርጠት ያመጣል። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብላችሁ ጠጡ። ከዚያ በግማሽ ሊትር ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው በጥብጣችሁ ውሰዱ። ጨውና ስኳሩ ውሃው ሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ድርቆሹን በትንሽ ውሃ፣ በበርበሬና በዘይት አርሱት፤ ወይም በሶውን በዘይትና በጨው እሹት። ቆሎው ለማታና ለጨዋታ ይሁን።

ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ ሦስት ሊትር ውሃ መጠጣት አለባችሁ። የምንጭም የወንዝም ውሃ ሳይታከም አይጠጣ፤ ከላይ በኩል ከብት አለ። በነጠላ ጨርቅ አጣሩት፣ ከዚያ ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ካፈላችሁት በዚህ ከፍታ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፤ ደጋ ላይ ውሃ ሳይግል ስለሚፈላ እንደ ቆላው አንድ ደቂቃ አይበቃውም። ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡት። ጨውን ማብዛት ይጎዳል።

እግር

አዲስ ጫማ ለጉዞ መግዛት ትልቁ ስሕተት ነው። ጫማው ቢያንስ ወር የተሄደበት፣ ከአውራ ጣት ፊት የአንድ ጣት ስፋት ቦታ ያለው ይሁን። ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ቦታ ከሌለው ጥፍር ይጠቁራል፣ ይነቀላል። ጥፍራችሁን ከመነሻው ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ሦስት ጥንድ ካልሲ ያዙ፦ አንዱ እግር ላይ፣ አንዱ ታጥቦ ቦርሳ ላይ የሚደርቅ፣ አንዱ ለማታ ብቻ።

እግር ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ቦታው ይለበልባል። ያን ጊዜ፣ «እስከ ጥላው ልድረስ» ሳትሉ፣ ቁሙና ካልሲውን አውልቁ፤ አሸዋውን አራግፉ፣ እግሩን አድርቁ፣ የተለበለበውን ቦታ ሳይጨማደድ በፕላስተር ሸፍኑ። አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ውሃ ከቋጠረና ትንሽ ከሆነ አትንኩት። ትልቅ ሆኖ ለመርገጥ ካስቸገረ ብቻ፣ መርፌ በአልኮል ጠርጋችሁ ጠርዙ አጠገብ ሁለት ቦታ ውጉት፣ ውሃውን በጨርቅ ጫን አድርጋችሁ አውጡ። ቆዳውን አትግፈፉት፤ ከሥሩ ላለው ሥጋ መከላከያው እሱ ነው። ቀይ መስመር ወደ ላይ ከሄደ ወይም ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

በቁልቁለት እርምጃ አሳጥሩ፣ ጉልበት አጠፍ አድርጉ፣ በትሩን ከእግር ቀድማችሁ ትከሉ። መቋሚያ ለቅዳሴ ነው፤ ለመንገድ ከደረታችሁ ዝቅ የሚል ጠንካራ ዱላ ይሻላል።

በባዶ እግር ለመሄድ የተሳሉ አሉ። ስለቱ የተከበረ ነው፤ ግን ዝግጅት ይፈልጋል። የቴታነስ ክትባት መውሰዳችሁን አረጋግጡ፣ ከጾሙ መጀመሪያ አንሥቶ በየቀኑ ጠጠር ላይ ተለማመዱ፣ ማታ ማታ እግራችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ስንጥቁን ቫዝሊን ቀቡ። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካክራችሁ የመጨረሻውን ክፍል፣ ከነአኵቶ ለአብ ገዳም እስከ ከተማው ያለውን ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በባዶ እግር ማድረግ ይቻላል።

ልብስና ማደሪያ

ታኅሣሥ በደጋው ውርጭ ይጥላል። ጋቢ የግድ ነው፤ ብርድ የሚገባው ግን ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። ሁለት ሜትር ሸራ መሬቱ ላይ ሳትዘረጉ ጋቢ ብትደርቡ ዋጋ የለውም። ማታ በላብ የረጠበውን ልብስ ቀይሩ። ለበዓሉ የሚለበሰውን ነጠላ በፌስታል አሽጋችሁ ከቦርሳው ሥር አስቀምጡት። ቦርሳችሁ ውሃውን ጨምሮ ከ9 ኪሎ አይለፍ። ከዚያ ከበለጠ አህያ ተከራዩ፤ የቀኑን ዋጋ፣ የነጂውን ምግብና የመልሱን ሒሳብ ግን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ማደሪያ በመጀመሪያ የሚጠየቀው በቤተ ክርስቲያን ነው። ካህኑን መስቀል ተሳልማችሁ ከየት እንደመጣችሁ ንገሯቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ከራቀ ከአጥር ውጭ ቁማችሁ «ቤቶች! የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» በሉ፤ ውሻ ስላለ ሳትጠሩ አትግቡ። «ግቡ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል መልስ አይጠፋም። ሰዎቹ ያላቸውን ስለሚያቀርቡ ግን ሸክም አትሁኑባቸው። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል ወይም ሳሙና ይዛችሁ ለእማወራዋ ስጡ፤ ገንዘብ ብትሰጡ ላይቀበሉ ይችላሉ። ሰው በተጨናነቀበት ቤት ቅማልና ቁንጫ አይጠፋም፤ በቅማል የሚተላለፍ ተስቦ አለና ከጉዞው በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ የት እንዳደራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

መግቢያውና በዓሉ

በመጨረሻው ቀን ከከተማው በፊት ነአኵቶ ለአብ ላይ እረፉ። ዋሻው ውስጥ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ከጣሪያው ድንጋይ የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀማል። ከዚያ ያለው ዳገት ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ የሦስት ቀን ድካም ያለበት እግር ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ከተማው መግቢያ ላይ የላሊበላ ልጆች የእንግዳ እግር ያጥባሉ። አፍራችሁ አትለፉ፤ ውሃ የቋጠረ ቦታ ካላችሁ ግን አሳዩአቸው።

አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ወገን ሆነው በመካከላቸው ዮርዳኖስ አለ፤ ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው። ቀድማችሁ በገባችሁበት ቀን በቀስታ ተሳለሙ። ጫማ በየበሩ ስለሚወልቅ ጫማችሁን የምትይዙበት ፌስታል አትርሱ። ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አለ፤ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ሴቶች ቤተ ጎልጎታ አይገቡም። ዋሻዎቹ ጠባብና ጨለማ ናቸው፤ ባትሪ ያዙ፣ ልጅ ከፊታችሁ ይሂድ።

የበዓሉ ለሊት በቤተ ማርያም ዙሪያ መቆም የሚፈልግ ማታውኑ ቦታ ይያዝ። ጠዋት ካህናቱ ማሜ ጋራ በተባለው አለት ላይ፣ ሌሎቹ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ የተባለውን የልደት ዝማሬ ሲያዜሙ ሕዝቡ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይገፋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ የተፈለፈለው አለት ጠርዝ ጥልቅ ነው። ከጠርዙ ቢያንስ ሦስት ሜትር ራቁ። ከማኅበራችሁ ከተለያያችሁ የምትገናኙበትን ቦታ ከሕዝቡ ውጭ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ስልክ በዚያ ሰዓት አይታመንም።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ጾሙ ይፈታል። ከስድስት ሳምንት በላይ ቅባት ያላየ ሆድ ላይ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ በአንዴ ከገባ ቀኑን ሙሉ ያማል። በጥቂት እርጎ ወይም በአንድ እንቁላል ጀምሩ፤ ሥጋውን ማታ አድርጉት። የመመለሻ መኪና ቦታ በዋዜማው ያዙ። ከጉዞው በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት በመኪና ውስጥ ስትቀመጡ በየሁለት ሰዓቱ ወርዳችሁ እግራችሁን አፍታቱ፤ አንድ ባት ብቻ አብጦ ከታመመ ሐኪም ሳያየው አትቆዩ።